ኮምፒውተሩ ኢኤስፒ32 ቦርዴን አያየውም፣ ኮዱም ኮምፓይል አያደርግም፤ ሌላ ቦርድ ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ሰላም። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውሃ ሲጎድል የሚያሳውቅ ነገር ለመሥራት ብዬ ከመርካቶ ኢኤስፒ32 የሚባለውን፣ ኮድ ተጭኖበት የሚሠራ ባለ ዋይፋይ ትንሽ ቦርድ ገዛሁ። ቤት ያለው ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ። ኮድ መጻፊያውን አርዱዊኖ አይዲኢ ጫንኩበት። ቦርዱን ስሰካው ቀይ መብራት ይበራል፣ ግን ፖርት የሚለው ቦታ ባዶ ነው። የቦርዱን ፓኬጅ ሳወርድ እየተቋረጠ አስቸገረኝ፣ በመጨረሻ ገባ። አሁን ደግሞ ምሳሌውን ኮምፓይል ሳደርግ ረጅም ቀይ ስህተት ያመጣል። ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፣ ያው ነው። ቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ልግዛ? የስህተቱን ፎቶ አያይዣለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ ቦርድ አትግዢ። ከጻፍሽው ውስጥ ቦርዱ መበላሸቱን የሚያሳይ አንድም ነገር አላየሁም። ያለብሽ ሁለት ችግር ነው፣ አንዱ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ፖርቱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር፣ ያልታየው በኬብሉ ወይም በድራይቨሩ (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያውቀው በሚያደርገው ፕሮግራም) ምክንያት ነው። ኮዱ ኮምፓይል ያላደረገው ደግሞ በኮምፒውተሩ ምክንያት ነው፣ ቦርዱ እዚያ ውስጥ እጁ የለበትም። ኮምፓይል የሚደረገው፣ ማለትም ኮዱ ቦርዱ ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጎመው፣ ኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ ቦርዱ ሳይሰካም መሥራት አለበት። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለመጡብሽ አንድ ችግር መሰሉሽ። አይዲኢውን አጥፍቶ መጫን ግን ሁለቱንም አይነካቸውም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ነገሩን በቅደም ተከተል ያዢው፤ ኬብል፣ ከዚያ ፖርት፣ ከዚያ ኮምፓይል፣ ከዚያ አፕሎድ (ኮዱን ወደ ቦርዱ መላክ)። አንዱ መሥራቱን በዓይንሽ ሳታረጋግጪ ወደሚቀጥለው አትለፊ። ብዙ ተማሪ በዚህ ሥራ ተስፋ የሚቆርጠው ኮዱ ከብዶት አይደለም። አምስት ነገር በአንድ ላይ ሲነካካ የትኛው እንደሠራና የትኛው እንዳልሠራ ስለሚጠፋው ነው።

ከቀይ መብራቱ እንጀምር። ያ መብራት የሚነግርሽ ኤሌክትሪክ መግባቱን ብቻ ነው። የዩኤስቢ ኬብል ውስጥ አራት ሽቦ አለ፤ ሁለቱ ለኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ ለዳታ። ከፓወር ባንክ፣ ከጸጉር ማሽን ወይም ከርካሽ ስፒከር ጋር የሚመጡ ኬብሎች ብዙ ጊዜ የዳታዎቹ ሁለቱ የላቸውም። ቦርዱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አልሰማም።

ይህን ለመለየት ምንም ነገር መጫን አያስፈልግም። ታች ያለውን የዊንዶውስ ምልክት በቀኝ ክሊክ አድርጊና ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈቺ። ዓይንሽን ከዝርዝሩ ሳታነሺ ቦርዱን ስኪው። ዝርዝሩ ብልጭ ብሎ ራሱን ካደሰ፣ አዲስ መስመር ከመጣ ወይም ቢጫ ቃለ አጋኖ ያለበት ነገር ብቅ ካለ ኬብሉ ደህና ነው። ምንም ካልተነቃነቀ፣ ዊንዶውስ ዕቃ ሲሰካ የሚያሰማው ድምፅም ካልመጣ፣ ኬብሉን ቀይሪው። አዲስ ከመግዛትሽ በፊት በቤት ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ኬብል በስልክ ፈትሺ። ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር ስታገናኚው ፋይል ማስተላለፊያ የሚል ምርጫ ካመጣ ያ ኬብል ዳታ ያስተላልፋል። የምትገዢ ከሆነም ባለሱቁን «ዳታ ያስተላልፋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ እዚያው በስልክሽ ፈትሸሽ ውሰጂ።

ዴስክቶፕ ስለሆነ ሌላም ነገር አለ። ከፊት ለፊት ያለው የዩኤስቢ መሰኪያ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን የውስጥ ገመድ ነው። አሮጌ ኬዝ ላይ ደግሞ ይላላል። ከኋላ ያሉት በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ናቸው። ኢኤስፒ32 ዋይፋይ ሲያበራ ለቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባል። መሰኪያው ወይም ኬብሉ ደካማ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና ቦርዱ ራሱን እያጠፋ ይነሳል። ሲሪያል ሞኒተር (ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየው የአይዲኢው መስኮት) ላይ «ብራውንአውት» የሚል ቃል ካየሽ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከኋላ ስኪው።

ኬብሉ ደህና ሆኖ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ ቢጫ ምልክት ከመጣ የጎደለው ድራይቨር ነው። የትኛው ድራይቨር እንደሆነ ራሱ ቦርዱ ይነግርሻል። ከዩኤስቢ መሰኪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጥቁር ቺፕ ተመልከቺ። ስልክሽ ካሜራ ላይ ዙም አድርገሽ ፎቶ ብታነሺያት ጽሑፏ ይነበባል። አራት ማዕዘን ሆና በጎኗ እግር የማይታይባት ከሆነች ብዙ ጊዜ ሲፒ2102 ናት፣ የሲሊኮን ላብስ ምርት ናት። ረዘም ብላ ግራና ቀኝ እግር ካላት ሲኤች340 ትሆናለች፣ ደብሊውሲኤች የሚባል የቻይና ኩባንያ ነው የሚሠራት። ዊንዶውስ 10 ኢንተርኔት ካገኘ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ያመጣል፣ ስለዚህ ቦርዱን ሰክተሽ ትንሽ ጠብቂ። ካላመጣ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂ፣ ትንሽ ፋይል ነው። ጎግል ላይ መጀመሪያ የሚመጡትን «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ» የሚሉ ፕሮግራሞች አደራ አትጫኚ። የቤተሰብ ኮምፒውተር ነው፣ ቫይረስ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ተሳክቶ ከሆነ «ፖርትስ» በሚለው ስር ኮም የሚል ቃልና ቁጥር ይመጣል፣ ኮም 3 ወይም ኮም 5 ሊሆን ይችላል። አይዲኢው ላይም ያንኑ ቁጥር ምረጪ።

አሁን ወደ ቀዩ ስህተት። የላክሽውን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። ከመጨረሻው አካባቢ፣ የፋይሉ አድራሻ የተጻፈበት መስመር ላይ፣ «ዩዘርስ» ከሚለው ፎልደር ቀጥሎ አራት የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ከጀርባው የዊንዶውሱ መግቢያ ስም ይታያል፤ «ቤተሰብ» ይላል፣ በግዕዝ ፊደል። አራት ፊደል፣ አራት የጥያቄ ምልክት። ችግርሽ ይኼ ነው።

ዊንዶውስ አካውንት ሲከፈት በዚያ ስም ፎልደር ይፈጥራል። አርዱዊኖ ደግሞ የኢኤስፒ32 ኮምፓይለሩን የሚያስቀምጠው እዚያ ፎልደር ውስጥ ነው። ኮዱን ኮምፓይል ሲያደርግም ጊዜያዊ ፋይሎቹን እዚያው ስር ይጽፋል። ዊንዶውስ ራሱ ግዕዝ ያነባል፣ አይዲኢውም ያነባል። ከሥር ያሉት የኮምፓይለር ፕሮግራሞች ግን የፋይል አድራሻ የሚቀበሉት በድሮው አሠራር ነው። የማያውቁትን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይሩታል። ከዚያ አራት የጥያቄ ምልክት የሚባል ፎልደር ይፈልጋሉ፣ የለም፣ ያቆማሉ። ለዚህ ነው ደጋግመሽ ብትጭኚውም ያልተለወጠው። በተጫነ ቁጥር የሚገባው እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው።

ስሙን ከሴቲንግስ ገብተሽ ብትቀይሪውም አይፈታም። የሚቀየረው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ስም እንጂ የፎልደሩ ስም አይደለም። ፎልደሩን በእጅ መቀየርም አልመክርሽም፣ የቤተሰቡ ፎቶና ሰነድ ያለበት ነው፣ አካውንቱ ሊበላሽ ይችላል። ንጹሑ መንገድ አዲስ አካውንት መክፈት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ የሚለው ጋ ገብተሽ አዲስ ተጠቃሚ ጨምሪ። ኢሜይል ሲጠይቅሽ ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት የሚለውን ምርጫ ውሰጂ። ስሙን በላቲን ፊደል፣ አጭር፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፊው። ቤተሰብሽ በነበረው ይቀጥላል፣ አንቺ ለዚህ ሥራ በአዲሱ ትገቢያለሽ። ሁለቱ አይነካኩም።

ያን ሁሉ ጊዜ ያወረድሽውን ፓኬጅ ደግመሽ ማውረድ የለብሽም። አዲሱ አካውንት ውስጥ አይዲኢውን አንዴ ክፈቺና ዝጊው፣ የራሱን ፎልደሮች ይፈጥራል። ከዚያ በድሮው አካውንት ፎልደር ውስጥ አፕዳታ፣ ከዚያ ሎካል፣ ከዚያ አርዱዊኖ15 የሚል ፎልደር ታገኛለሽ። አፕዳታ የተደበቀ ስለሆነ መጀመሪያ ከቪው ሜኑ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ማብራት ይኖርብሻል። አርዱዊኖ15ን እንዳለ ገልብጪና በአዲሱ አካውንት ተመሳሳይ ቦታ ላይ ለጥፊው። አይዲኢውን ስትከፍቺ ኢኤስፒ32 እንደተጫነ ያሳይሻል።

ይህ ፎልደር አዲስ አበባ ውስጥ ለምንማር ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። የኢኤስፒ32 ፓኬጅ ሲወርድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። አንድ ሰው በሌሊት ጥቅል ወይም ዋይፋይ ባለበት ቦታ ካወረደው ሌላው በፍላሽ መውሰድ ይችላል። ዊንዶውስ ከዊንዶውስ፣ ሊኑክስ ከሊኑክስ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። አምስት ኪሎ ወይም አራት ኪሎ የምታውቂው የኢንጂነሪንግ ተማሪ ካለ ይህ ፎልደር ኮምፒውተሩ ላይ የመኖሩ ዕድል ሰፊ ነው። ጠይቂ፣ ማንም አይከለክልሽም።

ማውረዱ ይቋረጥብኝ ነበር ያልሽው ላይም አንድ ነገር ልጨምር። ስህተቱ «ዴድላይን ኤክሲድድ» የሚል ከነበረ መስመሩ ተቋርጦ ላይሆን ይችላል። አዳዲሶቹ የአይዲኢ ቅጂዎች ለማውረድ የጊዜ ገደብ አላቸው፣ ካልተቀየረ 60 ሰከንድ ነው። ትልቁ ፋይል በዚያ ጊዜ ካላለቀ ኢንተርኔቱ እየሠራም ቢሆን ያቆመዋል። ይህ ገደብ የሚቀየረው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ፣ በነጥብ የሚጀምር የአርዱዊኖ አይዲኢ ፎልደር ስር ባለው የአርዱዊኖ ሲኤልአይ ሴቲንግ ፋይል ላይ ነው። «ኔትወርክ» በሚል ርዕስ ስር «ኮኔክሽን ታይምአውት» የሚለውን በላቲን ፊደል፣ ሁለቱን ቃላት በታች ሰረዝ አያይዘሽ ትጽፊና 600 ሰከንድ ትሰጪዋለሽ። በግማሽ የወረደ ፋይል ተጭኖብኝ ይሆን ብለሽም አትስጊ። አይዲኢው እያንዳንዱን ፋይል ከመጫኑ በፊት ሙሉ መሆኑን ያመሳክራል።

ስለ ኮምፒውተሩ አቅም። 4 ጊጋ ራም ይበቃል፣ ግን ይጨናነቃል። አይዲኢ 2 ከባድ ነው፣ ውስጡ እንደ ብራውዘር ነው የተሠራው። ክሮምን ዝጊና ሥሪ። በጣም ካስቸገረሽ 1.8.19 የሚባለው የድሮው ቅጂ ቀለል ይላል፣ ለጀማሪ የሚጎድለው ነገር የለም። ቪኤስ ኮድና ፕላትፎርምአይኦ የሚባሉትን ሌሎች የኮድ መጻፊያዎች አሁን ተያቸው። ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፣ እኔም የምውለው በነሱ ነው፣ ግን በዚህ ማሽን ላይ ለመጀመሪያ ፕሮጀክት ልብ ያደርቃሉ። የመጀመሪያው ኮምፓይል ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፣ ተበላሸ ብለሽ አታቋርጪው። ከሁለተኛው ጀምሮ ያለቀውን ስለሚያስታውስ ይፈጥናል።

ቦርድ ስትመርጪ «ኢኤስፒ32 ዴቭ ሞጁል» የሚለውን ያዢ። ብሊንክ የሚባለውን መብራት የሚያብለጨልጭ ምሳሌ ስትከፍቺ «ኤልኢዲ ቢልትኢን አልታወቀም» የሚል ስህተት ሊመጣ ይችላል። አትደንግጪ፣ የአካውንቱ ችግር አልተመለሰም። ይህ የቦርድ ምርጫ አብሮት የተሠራ መብራት የትኛው ፒን (የቦርዱ እግር) ላይ እንዳለ አያውቅም። ያን ስም በ2 ቁጥር ተኪው። ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ቦርዶች ሰማያዊ መብራታቸው ፒን 2 ላይ ነው። አንዳንዶቹ ግን ከቀዩ ሌላ መብራት ጭራሽ የላቸውም። ስለዚህ ብልጭ ካላለ ከመጨነቅሽ በፊት ሲሪያል ላይ አንድ ቃል የሚጽፍ ኮድ ሞክሪ። ሲሪያል ሞኒተሩ ፍጥነቱ ኮዱ ውስጥ ከጻፍሽው ጋር አንድ ይሁን፣ 115200 ተጠቀሚ። ካልገጠመ ትርጉም የሌለው የምልክት ጋጋታ ታያለሽ።

ኮድሽ ውስጥ ማስታወሻ በአማርኛ መጻፍ ትችያለሽ፣ ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ፋይሉንና ፎልደሩን ግን በላቲን ፊደል ሰይሚ። ከአማርኛ ኪቦርድ መመለስሽንም አትርሺ። መስመር መዝጊያው ላይ በእንግሊዝኛው ሰሚኮለን ፋንታ የኛው ድርብ ሰረዝ ከገባ ኮምፓይለሩ አይቀበልም። «ስትሬይ» የሚል ቃልና 341 የሚል ቁጥር ያለበት ስህተት ካየሽ የሆነ ቦታ የግዕዝ ምልክት ተሰንቅሯል ማለት ነው። 341 በዩኒኮድ አጻጻፍ የግዕዝ ፊደላት የሚጀምሩበት ቁጥር ነው። መስመሩን ሰርዘሽ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ድገሚው።

አፕሎድ ስታደርጊ «ኮኔክቲንግ» ብሎ ነጥብ እየደረደረ ከቆየ በኋላ ሊያቆም ይችላል። ቦርዱ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች አሉ። «ቡት» የሚለውን ነጥቦቹ መደርደር ሲጀምሩ ተጭነሽ ያዢው፣ በመቶኛ መቁጠር ሲጀምር ልቀቂው። ቁልፉ ፒን 0ን ዝቅ አድርጎ ቺፑ አዲስ ፕሮግራም እንዲቀበል ያደርገዋል። በየጊዜው መጫን ከሰለቸሽ «ኢኤን» በሚለው ፒንና በግራውንድ («ጂኤንዲ» በሚለው ፒን) መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል፣ የመቀነስ ምልክት ያለው እግር ወደ ግራውንድ። ጀምሮ መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ የአፕሎድ ፍጥነቱን ከ921600 ወደ 115200 ዝቅ አድርጊው።

መብራት አፕሎድ መሃል ላይ ቢሄድስ? ቦርዱ አይበላሽም። ፕሮግራም የሚቀበለው የመጀመሪያው ኮድ ቺፑ ሲመረት የተቀረጸ ነው፣ አይጠፋም። መብራት ሲመጣ ደግመሽ አፕሎድ ማድረግ ብቻ ነው። የሚያሳስበኝ ኮድሽ ነው። አይዲኢው ውስጥ በራሱ ሴቭ የሚያደርገው ምርጫ መከፈቱን አረጋግጪ፣ ማታ ማታ ደግሞ ፍላሽ ላይ ገልብጪው።

ምናልባት ኮምፒውተሩ ከዚህ ሁሉ በኋላም አልችል ካለ ሌላ በር አለ፤ ማይክሮፓይተን። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ቦርዱ ራሱ እንዲረዳ የሚያደርግ፣ አንድ ጊዜ የሚጫንበት፣ ከሁለት ሜጋባይት ያልራቀ ትንሽ ፋይል ነው። ከዚያ በኋላ ቶኒ በሚባለው ቀላል ፕሮግራም ትጽፊያለሽ። ኮምፓይል የሚባል ነገር የለም፣ መስመሩን ስትጽፊ ቦርዱ ወዲያው ይሠራዋል። ፍጥነቱ ከአርዱዊኖው ያንሳል፣ ለሮቶ ውሃ ግን ከበቂ በላይ ነው። ፓይተን ትንሽ ነክተሽ ከሆነ እንዲያውም በዚህ ብትጀምሪ እመርጣለሁ።

ስለ ሮቶው ሳልነግርሽ ባልፍ ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም ቦርዱ በእውነት ሊበላሽ የሚችለው እዚያ ላይ ነው። ርቀት ለመለካት ብዙ ሰው የሚገዛው ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባለውን ባለ ሁለት ዓይን ሴንሰር ነው። እሱ የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፣ «ኤኮ» በሚለው እግሩ የሚመልሰውም 5 ቮልት ነው። ኢኤስፒ32 ግን የ3.3 ቮልት ቺፕ ነው። ኤኮን በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ወደ ፒኑ አምጪው፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ ደግሞ 2 ኪሎ ኦም አስገቢ፤ 5ቱ ወደ 3.3 ገደማ ይወርዳል። ፒን 12ን እና ከ6 እስከ 11 ያሉትን አትጠቀሚ። ከ34 እስከ 39 ያሉት ለመቀበል ብቻ ናቸው፣ ኤኮን እዚያ ማድረግ ትችያለሽ። ሮቶ ውስጥ ተን ስላለ ግን ለቋሚው ሥራ ውሃ የማይገባውን ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ግዢ። እሱ ከ20 ወይም ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች የቀረበ ነገር አያይም። ክዳኑ ላይ ስታስሪው ሮቶው ሞልቶም ቢሆን ያን ያህል ክፍተት መቅረቱን ቀድመሽ ለኪ።

አዲሱን አካውንት ከፍተሽ ኮምፓይል ካደረግሽ በኋላ ሌላ ቀይ ስህተት ከመጣ ጻፊልኝ። ስትልኪ ግን ከላይ እስከ ታች ያለውን ጽሑፍ ኮፒ አድርገሽ ላኪ፣ ከቺፗ ፎቶ ጋር።